400 ሄክታር በባሮ ዳር፦ ጋምቤላ በሱዳን መንግሥት ሥር በነበረችበት ዘመን



በዚህ እትም ስለ አንድ የቆየ የመሬት ኪራይ ውል እንጽፋለን። ውሉ የተፈረመው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የሚናገረው ግን እኛ ስለምንኖርበት ስለ ባሮ ወንዝ ዳርቻ ነው። በውሉ ላይ በስሙ የተጠራው ቦታ ደግሞ ኢታንግ ነው። ዛሬ የኩሌ መጠለያ ጣቢያ የሚገኘው በኢታንግ ልዩ ወረዳ ስለሆነ ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም፤ የደጃችን ታሪክ ነው።

እኛ በማኅበሩ የሒሳብ ክፍል የምንሠራ ሰዎች ውሏችን ከወረቀት ጋር ነው። ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባኤና የብድር ውል ስናገላብጥ እንውላለን። ስለዚህ ታሪክ ስንጽፍም ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ምን ተጻፈ? ምን ሳይጻፍ ቀረ? ማን ፈረመ? ማንስ ሳይጠየቅ ታለፈ? እነዚህ ጥያቄዎች ለመንግሥታት ውል ብቻ ሳይሆን ለእኛም የጓሮ መሬት ስምምነት እንደሚሠሩ በመጨረሻ እናሳያለን።

ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። የፈረንጆቹን ስንጠቀም እ.ኤ.አ. ብለን እንለያለን።

ወንዙና ምድሩ

ባሮ የሚወለደው በኢሉባቦርና በወለጋ ደጋ ነው። ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች ሲገናኙ ባሮ ይሆናሉ። ከደጋው ገደል ወርዶ ጋምቤላ ሲደርስ ውኃው ይረጋጋል፣ ወንዙም ይሰፋል። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ ከ500 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ወደ ምዕራብ ያለው ምድር ሜዳ ነው፤ ኢታንግንና ጂካዎን አልፎ እስከ ደቡብ ሱዳን ድረስ ይዘረጋል። ባሮ ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል። ሶባትም ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል።

አኝዋሃዎች ይህን ወንዝ ኦፔኖ ይሉታል። በዳርቻው መንደር መሥርተው፣ ውኃው ሲሸሽ በሚተወው ለም አፈር ላይ በቆሎና ማሽላ ሲዘሩ፣ ዓሣም ሲያጠምዱ ኖረዋል። ኑዌሮች ከብት አርቢዎች ናቸው። ክረምት ላይ ሜዳው በውኃ ሲሸፈን ከፍ ወዳለው መሬት ይሄዳሉ፣ በጋ ላይ ደግሞ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። በደጋው ጠርዝ ባለው ጫካ ማጃንጎች አሉ፤ ኦፖና ኮሞም የዚህ ምድር ሕዝቦች ናቸው።

ይህ ወንዝ በኢትዮጵያ ወንዞች መካከል አንድ ልዩ ነገር አለው። ሌሎቹ ታላላቅ ወንዞቻችን ገደል ለገደል ስለሚወርዱ ትልቅ መርከብ አይሄድባቸውም። ባሮ ግን ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው የሙላት ወቅት ከካርቱም የተነሣ መርከብ ጋምቤላ ድረስ ይመጣበት ነበር። ከጋምቤላ በላይ ድንጋይና ፏፏቴ ስላለ መርከቡ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ጋምቤላ የመርከብ መንገድ መጨረሻ፣ የደጋው መንገድ ደግሞ መጀመሪያ ሆነች። የሚከተለው ታሪክ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ውሉ ምን ይላል?

ዘመኑ አፄ ምኒልክ በዓድዋ ድል ካደረጉ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እንግሊዝና ግብፅ እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ ሱዳንን በጋራ ይገዙ ነበር። በስም የሁለቱም ቢሆን በሥራ የእንግሊዝ አስተዳደር ነበር። ይህ አስተዳደር ሁለት ነገር ፈለገ፤ ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ድንበር እንዲለይና የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በዓባይ በኩል ወደ ካርቱም እንዲወርድ። አፄ ምኒልክም ወደ ውጭ የሚወስድ ተጨማሪ የንግድ በር መኖሩን አልጠሉትም።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። የእንግሊዝ ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን ነበሩ። ስምምነቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጻፈ። ቀደም ሲል በውጫሌ ውል የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቃል ተለያይቶ አገር ጦርነት ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን የአንድ ውል ቋንቋ የስንት ሰው ሕይወት እንደሚያስከፍል የማያውቅ አልነበረም።

የስምምነቱ አንድ ክፍል ድንበሩን ይወስናል። ሌላው የጥቁር ዓባይን፣ የጣና ሐይቅንና የሶባትን ውኃ ፍሰት የሚያቋርጥ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ይላል። የእኛ ጉዳይ ግን አራተኛው አንቀጽ ነው። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነጥብ በነጥብ ስናወጣው እንዲህ ይነበባል።

ቦታው፦ በባሮ ወንዝ፣ በኢታንግ አካባቢ።

መጠኑ፦ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ።

ተከራዩ፦ የሱዳን መንግሥት።

ዓላማው፦ የንግድ ጣቢያ። ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ አይውልም።

ዘመኑ፦ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ።

400 ሄክታር 4 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ነው። በወንዙ በኩል 2,000 ሜትር ከተያዘ ወደ ውስጥም 2,000 ሜትር ይገባል ማለት ነው። ጎልማሳ ሰው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በግማሽ ሰዓት ገደማ በእግሩ ያቋርጠዋል። በድሮው መለኪያ 10 ጋሻ ያህል ይሆናል።

አንቀጹ ስለ ሁለት ነገሮች ዝም ይላል። የመጀመሪያው የኪራይ ዋጋ ነው፤ መሬቱ ይከራያል ይላል እንጂ በዓመት ስንት እንደሚከፈልበት አይጠቅስም። ሁለተኛው ሕዝቡ ነው። በ2,000 ሜትሩ ወንዝ ዳር ማን እንደሚኖር፣ የማን እርሻ፣ የማን መቃብር፣ የማን ዓሣ ማጥመጃ እንዳለበት አንድም ቃል የለም። አዲስ አበባ ላይ ከፈረሙት መካከል የአኝዋሃ አለቃ አልነበረም፣ የኑዌር ሽማግሌም አልነበረም። ሴት አለመኖሯንማ መናገርም አያስፈልግም።

ወደቡ ሥራ ሲጀምር

ውሉ ኢታንግ ቢልም ጣቢያው የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1904 ጋምቤላ ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መርከቡ እስከሚደርስበት መጨረሻ ቦታ ድረስ ከመጣ የደጋው ነጋዴ የሚጓዘው መንገድ ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ1907 ወደቡና የጉምሩክ ጣቢያው ተደራጁ። ከጋምቤላ እስከ ካርቱም ከ1,300 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የውኃ መንገድ የሱዳን የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት መርከቦች ይሄዱበት ነበር። በክረምት በወር ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ ወደ ታች 7 ቀን፣ ሽቅብ ወደ እኛ ሲመጡ ደግሞ 11 ቀን ይወስድባቸው ነበር።

ወደ ውጭ የሚወጣው በዋናነት ቡና ነበር። ከጎሬ፣ ከሳዮና ከአካባቢው የተሰበሰበው ቡና በቡሬ በኩል ቁልቁለቱን ወርዶ ጋምቤላ ይደርሳል። ሰምና ቆዳም ይወጣ ነበር። ወደ ውስጥ ደግሞ ጨው፣ አቡጀዴ፣ የብረት ዕቃና ሌላም ሸቀጥ ይገባል። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች መጋዘን ሠሩ። ከሱዳን የመጡ መርከበኞች፣ ፖሊሶችና ጸሐፊዎች ሰፈሩ። ከደጋ የመጡ ነጋዴዎችና ጫኞች ተጨመሩ። ከጥቅምት በኋላ ውኃው ሲሸሽ መርከቡ ይቀራል፣ ወደቡም እስከሚቀጥለው ክረምት ጭር ይላል። ይህን የዓመት ዑደት እኛም እናውቀዋለን፤ ዛሬም በአካባቢያችን ገበያው፣ መንገዱና የእህል ዋጋው ከዝናቡ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

ጣቢያውን የሚያስተዳድረው የሱዳን መንግሥት የሾመው እንግሊዛዊ ሹም ነበር። በዚያ 400 ሄክታር ውስጥ ሥርዓት የሚያስከብረው የሱዳን ፖሊስ ነው። ከመስመሩ ውጭ ያለው ደግሞ ጎሬ ለሚቀመጠው የኢትዮጵያ ገዥ ይገዛል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ገዥ ራስ ተሰማ ናደው ነበሩ። አንድ ሰው በአንድ ቀን ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው በእግሩ ተሻግሮ ዓሣውን ሸጦ ይመለስ ነበር ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሹም ሥራው ንግድ ብቻ ይሁን ተብሎ ቢጻፍም፣ ስለ ድንበሩና ስለ ሕዝቡ ሁኔታ ወደ ካርቱም መጻፉ አልቀረም። ወረቀት ላይ ያለው ክልከላ የሚሠራው የሚጠብቀው ሰው እስካለ ድረስ ነው።

ንግዱ ለአዲስ አበባም ሆነ ለካርቱም ጠቀሜታ ነበረው። ሆኖም ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፣ የባሮ መርከብ ግን ክረምትን ይጠብቃል። ያም ሆኖ የምዕራቡ ቡና ከጎሬ እስከ አዲስ አበባ ካለው ረጅም የበቅሎ መንገድ ይልቅ ጋምቤላ ስለሚቀርበው ወደቡ ሥራውን ቀጠለ።

ሳይጠየቁ የታለፉት

ድንበሩ በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች ላይ ተሠመረ። በካርታ ላይ ወንዝ ጥሩ ድንበር ይመስላል። በወንዝ ለሚኖር ሕዝብ ግን ወንዝ ድንበር ሳይሆን ቤት ነው። የአኝዋሃ ዘመዳሞች በአኮቦ በዚህና በዚያ ቀሩ። የምሥራቅ ጂካኝ ኑዌሮች ክረምት በአንዱ መንግሥት፣ በጋ በሌላው መንግሥት ሥር ሆኑ። ሁለቱም መንግሥታት የእኔ ነህ ሲሉ፣ ሁለቱም ግብር ሲጠይቁ፣ ከብት አርቢው መሄድ ያለበትን መንገድ መሄዱን ቀጠለ።

መሣሪያ በንግድ መንገድ ገባ። አኝዋሃዎች የዝሆን ጥርስ እየሰጡ ጠመንጃ ገዙ። እ.ኤ.አ. በ1912 የሱዳን መንግሥት ጦር በአኮቦ አካባቢ አኳይ ዋ ቻም የተባሉትን የአኝዋሃ መሪ ሊያስገብር ዘምቶ ብርቱ ጉዳት ደረሰበት፤ መኮንኖችና በርካታ ወታደሮች ሞቱበት። ይህ የሚያሳየን አንድ ነገር ነው፤ ሕዝቡ በውሉ ውስጥ ስላልተጻፈ ከምድሩ ላይ አልጠፋም። ያልተጠየቀ ሰው መልሱን በሌላ መንገድ ይሰጣል፤ ያ መንገድ ደግሞ ለሁሉም ውድ ነው።

ስለ ሴቶቹ የተጻፈው ከዚህም ያነሰ ነው። ሆኖም ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ማየት ይቻላል። በአኝዋሃ ዘንድ ድሙይ የተባለው የዶቃ ዓይነት ለጥሎሽ የሚሰጥ ትልቅ ሀብት ነበር። በኑዌር ዘንድ ይህን ቦታ የሚይዘው ከብት ነው። አንዱ ቤተሰብ ለሌላው የሚከፍለው፣ የሚበደረውና የሚመልሰው በዚህ ነበር። ማለትም በወረቀት ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን በቃሉ የሚያውቀው የሒሳብ መዝገብ ነበር። የወደቡ ጉምሩክ የቡናውን ጆንያ ሲቆጥር ይህን መዝገብ አልቆጠረውም። ቤት የሚያቆመው፣ የሟች ካሣ የሚከፈለው፣ ጠብም የሚበርደው ግን በዚህኛው መዝገብ ነበር።

ጦርነቱና ርክክቡ

ጣሊያን በ1928 ኢትዮጵያን ስትወርር ጋምቤላ እንግዳ ነገር ገጠማት። ዙሪያዋ ያለው አገር በጣሊያን እጅ ሲወድቅ 400 ሄክታሩ ግን በሱዳን መንግሥት አስተዳደር ሥር ቀረ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1940 ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገባ ይህም አበቃ፤ ጣሊያኖች ጣቢያውን ያዙት። ብዙ ሳይቆይ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ጋምቤላን አስለቀቁ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የምዕራቡ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ጋዜራ ሳዮ ላይ እጃቸውን ሰጡ። በዚህ ጦርነት የአኝዋሃ ተዋጊዎችም በአኮቦ በኩል ጣሊያንን ወግተዋል። ከእነሱ ጋር አብሮ የዘመተው እንግሊዛዊ ኤቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌርና ስለ አኝዋሃ በጻፋቸው መጻሕፍት በዓለም የታወቀ ነው።

ከነጻነት በኋላ ጣቢያው እንደገና ወደ ሱዳን አስተዳደር ተመለሰ። ውሉ ገና አላበቃም ነበርና። ታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ስትወጣ ግን በአፄ ምኒልክ ዘመን የተጻፈችው አንዲት ሐረግ ሥራዋን ሠራች። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው ተብሎ ነበር። አስተዳደሩ ሲያበቃ የኪራዩ መሠረትም አበቃ። በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ውሉ ከተፈረመ 55 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ ዘመን አፍሪካ ውስጥ ለውጭ ኃይል የተሰጠ መሬት ሳይመለስ የቀረበት፣ ወይም በደም ብቻ የተመለሰበት ቦታ ብዙ ነው። ጋምቤላ ያለ ጦርነት የተመለሰችው መጠኗ፣ ዓላማዋና ዘመኗ በግልጽ ስለተጻፈ ጭምር ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከባሕር ማዶ አንድ እኩያ

የጋምቤላን ታሪክ ከሌላ አገር ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ከእኛ እጅግ ርቃ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል አሜሪካን ሳሞአ የምትባል የደሴቶች ግዛት አለች። ጠቅላላ ስፋቷ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቧም 50,000 ያህል ነው። ትልቋ ደሴት ቱቱይላ ትባላለች። ደሴቲቱ ተራራማ ናት፣ ፓጎ ፓጎ የተባለው ወደቧም በተራሮች መካከል ገብቶ ከማዕበል የተጠለለ ነው። አሜሪካ ደሴቲቱን የፈለገችው ለዚህ ወደብ ነው፤ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦቿ የድንጋይ ከሰል የሚጭኑበት ማረፊያ አስፈልጓት ነበር። ጋምቤላም ፓጎ ፓጎም በካርታ ላይ ዓይን የገባባቸው መርከብ መቆሚያ በመሆናቸው ነው።

የቱቱይላ አለቆች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1900፣ የማኑአ ደሴቶች መሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1904 ግዛታቸውን ለአሜሪካ የሚያስረክብ ሰነድ ፈረሙ። 1904 በጋምቤላ ጣቢያው የተተከለበት ዓመት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እዚያ የፈረሙት የአገሩ አለቆች ራሳቸው ናቸው፣ በሰነዱም የሕዝቡ መብት፣ በተለይ የመሬት መብቱ እንደሚከበር አስጻፉ። ዛሬም አብዛኛው መሬት የዘመድ ጉባኤዎች የጋራ ይዞታ ነው። የሚያስተዳድረውም ማታይ የሚባለው የቤተሰቡ አለቃ ነው። ይህን የጋራ መሬት ለውጭ ሰው መሸጥን ሕጉ ይከለክላል።

በአስተዳደር በኩል ግን ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። እስከ እ.ኤ.አ. 1951 ድረስ የገዛቸው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነበር። የራሳቸውን አስተዳዳሪ በምርጫ የመረጡት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ፎኖ የሚባል ምክር ቤት አላቸው፤ 18ቱ የላይኛው ምክር ቤት አባላት በባህሉ መሠረት ከአለቆች መካከል ይመረጣሉ፣ የታችኛው ምክር ቤት 20 አባላት ደግሞ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ። ይሁንና እዚያ የተወለደ ሰው የአሜሪካ ተገዢ እንጂ በመወለዱ ብቻ ሙሉ ዜጋ አይደለም፤ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትም ድምፅ አይሰጥም። ወደ ዋሽንግተን የሚልኩት ወኪል በምክር ቤቱ ወንበር አለው፣ የመጨረሻው ድምፅ ግን የለውም።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንዱ የሌላውን ጉድለት ያሳያል። የሳሞአው ሰነድ መሬቱን ለባለቤቱ ጠበቀ፤ የሚያበቃበትን ቀን ግን አልወሰነም፣ የሕዝቡን ድምፅም አዘገየ። የባሮው ውል የሚያበቃበትን ሁኔታ ስለወሰነ መሬቱን ለአገር መለሰ፤ በመሬቱ ላይ የሚኖሩትን ግን ረሳ። የተሟላ ውል ሁለቱንም ይይዛል፤ ጊዜውንም ሰዎቹንም።

ከኢታንግ እስከ ኩሌ

ከርክክቡ በኋላ ጋምቤላ በኢሉባቦር ሥር ስትተዳደር ቆይታ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የጋምቤላ ሕዝቦች ክልል ከፌዴሬሽኑ አባላት አንዱ ሆነ። ወንዙ ግን ቡና ማመላለሱን ሲቀንስ ሰው ማመላለሱን ቀጠለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሱዳን ጦርነቱ ሲያገረሽ ኢታንግ የታላቅ ስደተኞች ሰፈር ሆነች። ያ ሰፈር በግንቦት 1983 ተበተነ። በታኅሣሥ 2006 በደቡብ ሱዳን አዲስ ጦርነት ተነሣ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ድንበሩን ተሻገሩ፣ በግንቦት 2006 ኩሌ ተከፈተች። በዚያው ክረምት ሌችዎር የተባለው ጣቢያ በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ ነዋሪዎቹም በኋላ ወደ ጀዊ ተዛወሩ። የባሮን ሜዳ ሳያውቅ መሬት የሚመድብ ሰው ክረምት ሲመጣ ከውኃው ይማራል።

እንግዲህ እኛ የምንኖረው በሁለት ታሪክ ላይ ነው። ከአባሎቻችን መካከል በውሉ ዘመን ሳይጠየቁ የታለፉት ሰዎች የልጅ ልጆች አሉ። ድንበሩ ከዘመዶቻቸው የለያቸው፣ ኋላም ጦርነት መልሶ ወዲህ ያሻገራቸውም አሉ። አንዳችን ባለአገር፣ አንዳችን ስደተኛ ተብለን በተለያየ መዝገብ ብንጻፍም ገበያችን አንድ ነው፣ የምንቀዳው ውኃ አንድ ነው፣ ቁጠባችንም በአንድ ሳጥን ነው።

በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች በሕግ በተወሰነው መሠረት እንዲሠሩ፣ እንዲንቀሳቀሱ፣ የባንክ አገልግሎት እንዲያገኙ፣ ልደትና ጋብቻቸውንም እንዲያስመዘግቡ በር ከፍቷል። በር ተከፈተ ማለት ግን ሁሉም ገባ ማለት አይደለም። በተለይ በመሬት በኩል ያለው ጉዳይ ገና ነው። ከኢታንግ አካባቢ ባለመሬቶች ጋር በቃል ተስማምተው ጎመን፣ ባሚያና በቆሎ የሚያለሙ አባላት አሉን። ስምምነቱ በቅን ልብ የተጀመረ ነው። ነገር ግን ባለመሬቱ ቢሞት፣ ልጆቹ ቢከፋፈሉ፣ መሬቱ ለሌላ ሥራ ቢፈለግ ወይም ስደተኛዋ ወደ አገሯ ብትመለስ ምን ይሆናል? ይህን ሁለቱም ወገኖች አልተነጋገሩበትም። ያልተነጋገሩበት ነገር ደግሞ በእኛ አካባቢ የሁለት ሰዎች ጠብ ሆኖ አይቀርም፤ የጎሣ ጠብ ይሆናል። በኢታንግ በኩል እንዲህ ያለው ነገር ምን እንደሚያስከፍል ለማናችንም መንገር አያሻም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበራችን አንድ ገጽ የመሬት አጠቃቀም ስምምነት ቅጽ ያዘጋጅ። ቅጹ ከአራተኛው አንቀጽ የተማርነውን ይያዝ፣ የጎደለውንም ይሙላ።

መጀመሪያ ቦታውና መጠኑ ይጻፍ። በገመድ ተለክቶ፣ ጎረቤት ባለበት ምልክት ይደረግ።

ሁለተኛ ዓላማው ይጻፍ። ለጓሮ አትክልት የተሰጠ መሬት ለጓሮ አትክልት ነው፤ ቤት ለመሥራት ወይም ለሌላ ለማከራየት ካስፈለገ እንደ አዲስ ንግግር ይጠይቃል።

ሦስተኛ ዋጋው ይጻፍ። በገንዘብ፣ በምርት ድርሻ ወይም በጉልበት ይሁን፣ ግን ይጻፍ። ዋጋው ያልተጻፈ ኪራይ ለአንዱ ስጦታ፣ ለሌላው ዕዳ ይመስለዋል።

አራተኛ ዘመኑና የሚያበቃበት ሁኔታ ይጻፍ። ለስንት ክረምት እንደሆነ፣ ሰብል ቆሞ ሳለ ውሉ ቢፈርስ አዝመራው የማን እንደሚሆን ይታወቅ።

አምስተኛ፣ በ1894 የተረሳው፣ በመሬቱ የሚጠቀሙት ሁሉ ይጠየቁ። ባልየው ብቻ ሳይሆን ሚስትም፣ ከብት የሚያሳልፈውም፣ በዚያ መንገድ ውኃ የምትቀዳውም። ሽማግሌዎችና የቀበሌው ሰዎች ባሉበት፣ በአኝዋሃ፣ በኑዌርና በአማርኛ ተነቦ፣ ሁሉም የሰማው ቃል አንድ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ጣት ይታተም። በቋንቋ ልዩነት የመጣ ጣጣ በታሪካችን ያየነው ይበቃል።

ይህ ቅጽ የመንግሥትን ሕግ አይተካም። የወረዳው አስተዳደርና የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ሊያውቁትና ሊያርሙት ይገባል። ለደጋፊዎቻችንም የምንለው አለ። ዘርና መቆፈሪያ ስትሰጡን እናመሰግናለን። ከዘሩ ጋር የመሬቱን ስምምነት ለማስለካት፣ ለማስተርጎምና ለማስፈረም የሚሆን ጥቂት ወጪ ብትጨምሩበት ዘሩ የሚበቅልበት መሬት ከጠብ ይድናል።

ጋምቤላ ለ50 ዓመት በሰው እጅ ቆይታ የተመለሰችው በአንድ ገጽ ላይ በተጻፉ ጥቂት መስመሮች ነው። በዚያው ገጽ ላይ የኦፔኖ ዳር ሴት ስሟ አልነበረም። በእኛ ገጽ ላይ ግን ትፈርማለች። ቅጹን አይታችሁ አስተያየታችሁን ከጉባኤው በፊት ለቡድን መሪዎቻችሁ ስጡ፤ ማንበብ ለማትችል አባል ደግሞ ጎረቤቷ ታንብብላት።